ምዕራፍ 7፦ ሞተረኛው፣ ሦስተኛው ወገንና የአረቦኑ ዋጋ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ስለ መድን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ይረክሳል?» ብሎ ነው። መጠየቁም ተገቢ ነው። ሞተሩን የገዛው ተበድሮ ሊሆን ይችላል፤ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ዘይቱ፣ የዓመቱ ቦሎ ሁሉ ከዚያችው የዕለት ገቢ ይወጣል። ይሁን እንጂ እኩል አረቦን የከፈሉ ሁለት ሞተረኞች ተመሳሳይ አደጋ ደርሶባቸው አንዱ በሳምንቱ ወደ ሥራው ሲመለስ ሌላው ሞተሩንም ቤቱንም ሊያጣ ይችላል። የሁለቱን ዕጣ የሚለየው በእጃቸው ያለው ውል የማንን ጉዳት፣ እስከ ምን ድረስ ይሸፍናል የሚለው ነው። አረቦን የምንለው፣ ባለፉት ምዕራፎች እንዳየነው፣ መድን የገባ ሰው ለመድን ሰጪው የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

በምዕራፍ 2 እድርን ስንመለከት፣ አባላት በየወሩ የሚያዋጡት ገንዘብ ተመልሶ የሚደርሰው ለራሳቸው ወይም ለቤተሰባቸው ነው ብለናል። በምዕራፍ 4 ደግሞ አንድ ሰው አደጋ የሚደርስበትን ቀን ማንም ባያውቅም፣ ከሺህ ሰዎች በዓመት ስንቱ አደጋ እንደሚደርስባቸው ግን መገመት እንደሚቻል አይተናል። ሞተረኛውን የሚመለከተው ዋናው መድን ከእድር ይለያል። እዚህ መዋጮው የሚከፈለው አባሉ ለጎዳው፣ ምናልባትም ከዚያ ቀን በፊት አይቶት ለማያውቀው ሰው ነው። የዚህን ዓይነት መዋጮ አሠራር ለመረዳት ከጋምቤላ መራቅ አያስፈልገንም።

የከብቱ ካሳ

በኑዌር ልማድ የሰው ሕይወት ሲጠፋ ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው ካሳ ከብት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የካሳው መጠን ከ40 እስከ 50 ከብት እንደሚደርስ ጽፏል። ያን ያህል ከብት በአንድ ወጣት በረት ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ዘመዶቹ ያዋጣሉ፤ አንዱ ጊደር፣ ሌላው ወይፈን ያመጣል። የነብር ቆዳ የሚደርበው አስታራቂ በሁለቱ ወገኖች መካከል ገብቶ ክፍያውን ያስማማል፤ ከብቱ ሁሉ ባንድ ቀን ባይሟላም ቀሪው ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

ካሳው ከአንድ ሰው አቅም በላይ ስለሆነ ሸክሙ ለብዙ ትከሻ ይከፋፈላል። ተቀባዩ ደግሞ ከአዋጪዎቹ አንዱ አይደለም፤ የተጎዳው ወገን ነው። ክፍያው በተፈጸመ ጊዜ ደም የሚፈላለጉ ሁለት ቤተሰቦች ዳግም በአንድ መንገድ መሄድ ይችላሉ። ሕጉ «የሦስተኛ ወገን መድን» የሚለው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው። አንደኛው ወገን ባለሞተሩ ነው፤ ሁለተኛው መድን ሰጪው ኩባንያ ነው፤ ሦስተኛው ከውሉ ውጭ ሆኖ መንገድ ላይ የተገጨው ሰው ነው።

ልዩነት ግን አለ። ዘመድ የሚያዋጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መድን የገባ ሰው የሚያዋጣው አስቀድሞ ነው። የከብት ካሳ የሚሠራው ደግሞ ገዳይና ሟች የሚተዋወቁ ጎሣዎች ልጆች ሲሆኑ፣ አስታራቂውንም ሁለቱም ወገኖች ሲያከብሩት ነው። ጋምቤላ ውስጥ የባሮን ድልድይ የሚሻገረው እግረኛ አኝዋሃ፣ ኑዌር ወይም ማጃንግ፣ ከደጋ የመጣ ነጋዴ ወይም መምህር፣ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ስደተኛ ሊሆን ይችላል። ሞተረኛውና የገጨው ሰው የጋራ አስታራቂ ላይኖራቸው ይችላል። ሰው ከሰው በማይተዋወቅበት ትልቅ ከተማም ነገሩ ያው ነው፤ አዲስ አበባ መገናኛ አደባባይ ላይ የሚጋጩት ሁለት ሰዎች ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ መዋጮውን በዘመድ ፋንታ ሰብስቦ የሚያስተዳድር ተቋም፣ የሚያስገድድ ሕግም አስፈለገ። እንግሊዝ ይህን ግዴታ ያወጣችው በ1930 እ.ኤ.አ. ነው።

ሕጉ ያስገደደው ሽፋን

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የባለሞተርን ኃላፊነት ጠበቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ሞተሩን ለጓደኛ ወይም ለታናሽ ወንድም ያዋሰ ሰው «እኔ አልነበርኩም» ብሎ አያመልጥም። ይህን ድንጋጌ ብዙ ባለሞተሮች የሚሰሙት ክስ ሲቀርብባቸው ነው፤ ቁልፉን ከማቀበላቸው በፊት ቢያውቁት ምንኛ በተሻለ ነበር።

ኃላፊነቱ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው መድኑ ግዴታ የሆነው። በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ቀጥሎም እሱን የተካው የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም ሰው ያለ ሦስተኛ ወገን መድን ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳያወጣ ከልክለዋል። ሞተር ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ የካሳውን ልክ እንዲህ ወስኖ ነበር፦ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስና ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር። እንዲህ ያለ ጣሪያ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፣ ውል የሚገባ ሰው በዚያ ዓመት የሚሠራበትን መጠን ከመድን ሰጪው በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ጣሪያ ማለት መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከዚያ ድረስ ነው ማለት ነው፤ ባለሞተሩ ከኃላፊነት ነጻ የሚወጣበት ልክ አይደለም። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ካሳ ከፈረደ ልዩነቱ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ከብቱ 50 ሆኖ ዘመድ 10 ብቻ ቢያዋጣ፣ 40ው በበረቱ ባለቤት ላይ እንደሚቀር ማለት ነው። ለዚህ ነው መድን ሰጪዎች ከግዴታው በላይ ከፍ ያለ የሦስተኛ ወገን ገደብ በተጨማሪ አረቦን የሚሸጡት። አንድ ሞተረኛ ተጨማሪ ገንዘቡን የት ላውለው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሞተሩን ከጭረት ከሚያድን ሽፋን አስቀድሞ ይህን ገደብ ከፍ እንዲያደርግ እመክረዋለሁ። የተጫረ ሞተር ይነዳል፤ የፍርድ ዕዳ ግን ዓመታት ይከተላል።

አዋጁ ሌላም መልካም ነገር አለው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ለጎዳው ሰው የሚደርስ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱን ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሲሆን፣ ከገቢው አንዱ ክፍል ከእያንዳንዱ የሦስተኛ ወገን አረቦን ላይ ይነሣል። ስለዚህ የመድኑን ስቲከር በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሞተረኛ፣ ሳያውቀው፣ ሌላው ገጭቶ ጥሎት ለሸሸው ሰውም አዋጥቷል።

ካሳ የሚዘገይበት ወይም ጭራሽ የሌለ የሚመስልበት ቦታ ምን ሊሆን እንደሚችል ጀዊ አይታለች። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ ናት፤ ነዋሪዎቿ የቀድሞ መጠለያቸው በጎርፍ ስለተጠቃ በ2007 ዓ.ም. የተዛወሩ ናቸው። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ሥራ ተሽከርካሪ ሁለት የስደተኛ ልጆችን ገጭቶ ገደለ፤ በተከተለው ቁጣ ከአሥር ያላነሱ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተገደሉ። በአደጋው እጃቸው የሌለበት ሰዎች ነበሩ። የመድን ወረቀት ያን ቀን ያስቀር ነበር ማለት አልችልም፤ ሐዘኑም ቂሙም ከአንድ አደጋ የሰፋ ነበር። ሆኖም የከብት ካሳንም፣ አዋጅ 799ንም የወለደው ይህ ፍርሃት ነው፦ የሞተው ልጅ ካሳ ከማን እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ንጹሑ ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል።

ከተማው ለምን ያስወድዳል?

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ለስሌት ያህል ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 200,000 ብር የሚያወጡ 1,000 ሞተሮች በአንድ መድን ሰጪ ዘንድ ከስርቆት ተጠብቀዋል እንበል። በአንዲት ትንሽ ከተማ በዓመት 5ቱ ቢሰረቁ ኪሳራው 1,000,000 ብር ነው፤ ለአንድ ሞተር 1,000 ብር ይደርሰዋል። በትልቅ ከተማ 20 ቢሰረቁ 4,000 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የቢሮ ወጪ፣ የወኪል ኮሚሽን፣ ትርፍና ለክፉ ዓመት የሚቀመጥ መጠባበቂያ ይጨመራል። ሞተረኛው ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ነው፤ ያደረበት ከተማ ግን የአረቦኑን መነሻ በአራት እጥፍ ለወጠው።

አዲስ አበባ ይህን በግልጽ ያየንባት ከተማ ናት። ሞተር እየነዱ የሚፈጸም ንጥቂያ በመበራከቱ የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ገደበ፤ በሥራቸው ምክንያት ልዩ ፈቃድ ያገኙት ብቻ ቀጠሉ። ያ ውሳኔ ለሕጋዊው መልእክተኛና ለአድራሹ ሠራተኛ ከባድ ነበር። ለመድን ሰጪም ትምህርት አለው፤ ሞተር በቀላሉ ተነድቶ የሚሰወር፣ ለወንጀልም የሚፈለግ ንብረት ነው። ስለዚህ ሞተሩ የሚያድርበት ግቢ፣ ጥበቃውና ተጨማሪ ቁልፉ የዋጋ ጉዳይ ናቸው። እነዚህን በማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ቅናሽ ለመጠየቅ አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል።

ጋምቤላ ውስጥ ስጋቱ መልኩ ይለወጣል። በክረምት ጭቃው፣ በበጋ አቧራው አለ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከጋምቤላ ሆስፒታል አልፎ ጅማ ድረስ ሊላክ ይችላል። አደጋው ቢያንስ እንኳ የእያንዳንዱ አደጋ ወጪ ከፍ ይላል፤ አረቦን ደግሞ የሁለቱ፣ የድግግሞሹና የወጪው፣ ብዜት ነው። ከተማ ትንሽ ስለሆነ ብቻ መድኑ ይረክሳል ብሎ ማሰብ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

አረቦኑ የሚቀንስበት ትክክለኛ ቦታ

ኢትዮጵያ ውስጥ የመድን ገበያው አማራጭ አለው። ደርግ 13 የግል ኩባንያዎችን ወርሶ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ካቋቋመ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሻጩ አንድ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ኩባንያዎች በሩ ተከፈተ። ዛሬ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ መድን ሰጪ ዘንድ ሄዶ ዋጋ ማስሞላት ይቻላል። ነገር ግን የሚነጻጸሩት ተመሳሳይ ውሎች መሆን አለባቸው፤ አንዱ ወኪል የግዴታውን ሦስተኛ ወገን፣ ሌላው ሙሉ ሽፋን (ስርቆትን፣ እሳትን፣ ግጭትን የሚያጠቃልለውን) ቢጠራ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምንም አይነግርም።

ሙሉ ሽፋን የሚፈልግ ሰው አረቦኑን በጤነኛ መንገድ የሚቀንስበት ዋናው መሣሪያ ኤክሰስ የሚባለው ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ መጀመሪያ ባለቤቱ ከኪሱ የሚችለው መጠን። ስፖኪዮ ሲሰበር፣ ፍሬቻ ሲረግፍ፣ መሪ ሲጣመም ራሱ የሚያሠራ ባለሞተር ኤክሰሱን ከፍ አድርጎ አረቦኑን ያወርዳል። ለጥቃቅን ጉዳት ሁሉ ዘመድ የሚጠራ ሰው የለም፤ የሚጠራው 50 ከብት ሲጠየቅ ነው። በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ ለጭረት የሚከፍል ሽፋን በውድ ይገዛል፣ ሕይወት የሚጠፋበትን አደጋ ደግሞ በዝቅተኛው ገደብ ይተወዋል።

አረቦን የሚቀንስ የሚመስል፣ ግን የሚጎዳ ሌላ መንገድ አለ፤ የሞተሩን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ። 200,000 ብር የሚያወጣ ሞተር በ100,000 ብር ተመዝግቦ 40,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ መድን ሰጪው ግማሹን፣ 20,000 ብር ብቻ ሊከፍል ይችላል። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ግማሽ ያዋጣ ግማሽ ይካሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ወጥመድ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚመጣ ሆኗል። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባው የሞተርና የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። ውሉን በየዓመቱ በአሮጌው ዋጋ የሚያሳድስ ሰው ሳያስበው ንብረቱን በግማሽ አስመዝግቧል። በዕድሳት ቀን የዘንድሮውን የገበያ ዋጋ አጣርቶ መሄድ ግድ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አገልግሎቱን መደበቅ ነው። ሞተሩ «ለግል» ተብሎ ተመዝግቦ ቀን ቀን በክፍያ ሰው ወይም ዕቃ የሚያመላልስ ከሆነ፣ የተከፈለው አረቦን ለሌላ ዓይነት አደጋ ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ውል ሲገባ ዋና ነገርን መደበቅ ውሉን እስከ ማፍረስ ሊያደርስ ይችላል። ኩባንያው የሚመረምረው ደግሞ አረቦን በሚቀበልበት ቀን ሳይሆን ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ነው። ለኪራይ የሚሠራ ሞተር «ለኪራይ» ይባል፤ ከኋላ የሚሳፈረው ሰው በውሉ ውስጥ ይካተት እንደሆነም ከመፈረም በፊት በግልጽ ይጠየቅ።

የሞተረኛው የራሱ አካል

እስካሁን ስለተጎዳው እግረኛና ስለ ሞተሩ ተናገርን። መሪውን የያዘው ሰውስ? የሦስተኛ ወገን መድን ለነጂው የአካል ጉዳት ካሳ አይከፍልም፤ ሙሉ ሽፋን የሚባለውም በዋናነት የሚጠብቀው ሞተሩን ነው። መኪና ነጂ በብረት ተከቦ ይሄዳል፤ ሞተረኛ ግን መሬት የሚያገኘው በገዛ አካሉ ነው። እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር የተኛ ሰው ሞተሩ ሙሉ ሽፋን ቢኖረውም ቤቱ ገቢ የለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው «የግል አደጋ መድን» የሚባል የተለየ ውል ነው፤ ለሞት፣ ለዘላቂ አካል ጉዳትና ለሕክምና የተወሰነ መጠን ይከፍላል።

ይህ ውል በነጠላ ሲገዛ ለወጣት ሞተረኛ ሊከብደው ይችላል። በቡድን ግን ሌላ ነው። የሞተር ወይም የባጃጅ ነጂዎች በማኅበር ሆነው ሲቀርቡ ኩባንያው የሚያወጣው ወጪ ይቀንሳል፤ አንድ ውል፣ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ክፍያ። በምዕራፍ 4 ያየነው የብዛት ሕግም ለእነሱ ይሠራል። ተጽፎ የሚገኝ የአባላት ዝርዝር፣ የመንጃ ፈቃድ ቅጂና ያለፈ ዓመት የአደጋ መዝገብ ይዞ የሚመጣ ማኅበር የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ ጉልበት አለው። ማኅበራት ለግብር፣ ለመናኸሪያና ለታሪፍ ሲሟገቱ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ለአባላታቸው አካል መድን እንዲህ ቢሟገቱ ስንት ቤት ከመፍረስ ይድን እንደነበር ማሰብ ያሳዝናል።

ሄልሜት እዚህ ላይ ይመጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። የጋምቤላ ሙቀት ሄልሜት ለመልበስ እንደማይመች አውቃለሁ። ነገር ግን የትኛውም መድን የተጎዳ ጭንቅላትን አይመልስም፤ ያለ ሄልሜት መንዳትንም አንዳንድ ውሎች ካሳ የሚቀንስ ምክንያት ያደርጉታል።

ሊብሬው በማን ስም ነው?

ወደ ጀዊ መንገድ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች እንዲሠሩና የመንጃ ፈቃድ እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም መጠለያና ከተማን በሚያገናኙ እንዲህ ባሉ መንገዶች ላይ አንድ ሞተር ብዙ እጅ የሚዞርበት ሁኔታ አለ፤ ገዢው አንድ፣ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በሌላ ሰው ስም፣ ነጂው ሦስተኛ ሰው። ቁጥር 2081 የሚፈልገው ባለቤቱን ነው፤ መድን ሰጪው የሚያውቀው በውሉ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ስሙ ካልተዛወረ፣ ሞተሩን ከዓመት በፊት ሸጦ ገንዘቡን የበላ ሰው ለማያውቀው አደጋ ሊጠራ ይችላል፤ ገዢው ደግሞ የተሰረቀበትን ሞተር ካሳ ሊጠይቅ ሲሄድ «እርስዎን አናውቅም» ሊባል ይችላል።

መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነድቶ እግረኛ ቢጎዳስ? የግዴታው መድን የቆመው ለተጎጂው ነውና ኩባንያው ለእሱ ከፍሎ ገንዘቡን ከባለሞተሩ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የተሰበረውን ሞተር ግን ሳይከፍል ሊተወው ይችላል። ስለዚህ ጀዊና ጋምቤላ መካከል የሚመላለስ ባለሞተር ከአረቦኑ ክርክር በፊት ሦስት ወረቀቶች ላይ ያለው ስም መስማማቱን ያረጋግጥ፤ ሊብሬው፣ የመድን ውሉና የሽያጭ ወይም የውክልና ሰነዱ። አደጋ ሲደርስ ደግሞ የተጎዳውን ወደ ሕክምና ማድረስ፣ ትራፊክ ፖሊስ የቦታውን ፕላን እስኪያነሣ ሞተሩን አለማንቀሳቀስ፣ ለመድን ሰጪው ወዲያው በጽሑፍ ማሳወቅና የተቀባይነት ማኅተም ያለበትን ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። የካሳ ጥያቄው ከዚያ በኋላ በኩባንያው ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን።